በጀርባዋ በር የተሸከመችው ሴት

ስሙን የማልጠራው አገር ነበር። ለምን አትጠራውም ብላችሁ አታድርቁኝ፤ የሚገባው ይገባዋል። በዚያ አገር፣ በወንዝ ዳር በተቆረቆረች አንዲት ከተማ፣ እኔ ገመድ ሻጭ ነበርኩ። አያ ቢያድግ ይሉኝ ነበር። የምነግራችሁ ነገር በዓይኔ ያየሁት ብቻ አይደለም፣ እጄም አለበት። እንዲያውም የክፋቱ መጀመሪያ እኔ ነኝ። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ ሽማግሌው ደበቀን እንዳትሉኝ።

ከወንዙ ማዶ ሌላ አፍ የሚናገር ሕዝብ ነበረ። ድንጋይ ሲያስፈልገን ድንጋይ ሊሸከሙ መጡ፣ ፍሬ ሲደርስ ፍሬ ሊለቅሙ መጡ፣ ልብሳችን ሲበዛ አጣቢ ሆነው መጡ። መጥተውም ቀሩ። የማዶ ሰዎች እንላቸዋለን። የገበያውን ግንብ ከመሠረቱ እስከ ጫፉ የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ግንቡን ተደግፈን ስናማቸው የምንውለው ደግሞ እኛ።

አንድ ቀን የጥንቱ ንጉሥ በበቅሎ ሲያልፉ ሁለት የማዶ ድንጋይ ተሸካሚዎች በራሳቸው አፍ አውርተው ሳቁ። ንጉሡ «በእኔ ነው የሳቁት» አሉ። ኋላ ሲጣራ የሳቁት ጭነቷን ጥላ መንገድ ላይ በተኛች አህያ ኖሯል። ግን ንጉሥ አንዴ ከተናገረ ምን ይደረጋል? ሕግ ወጣ። በገበያው ግንብ ላይም በትልልቁ ተጻፈ፦ «ከበር ውጭ በከተማው አፍ ብቻ፤ ከበር ውስጥ ሁሉም በየአፉ።»

ሕግ ሲወጣ ሹም ይሾማል። ጆሮ ሹም የሚባል ማዕረግ ተፈጠረ። ጆሮ ሹሙ በገበያው መሃል፣ አሥራ ሁለት ደረጃ ተወጥቶ በሚደረስበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ የማዶ አፍ የሰማን እንደሆነ አንድ ጆሯችንን በመዳፋችን እንሸፍናለን፤ ግዴታ ነው። እሱ ከላይ ሆኖ ጆሮውን የሸፈነ ሰው ሲያይ ይወርዳል፣ የተባለውን ይጠይቃል፣ በመዝገቡ ይጽፋል። በመዝገቡ በአንድ ወገን የተከለከለው ቃል ይሰፍራል፣ በሌላው ወገን ትርጉሙ። ትርጉሙ ካልታወቀ ስድብ ይሁን ሰላምታ በምን ይለያል?

ቅጣቱንም ልንገራችሁ። ለመጀመሪያ ጥፋት፣ አፍን ውሃ ሞልቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ገበያ መሃል መቆም ነው። የዋጠ ወይም የተፋ ሌላ ውሃ ይቀዳለትና እንደገና ይጀምራል። ለሁለተኛ ጥፋት እንዲሁ ሦስት ቀን። ሦስተኛው ግን ድልድዩን ተሻግሮ መሄድ ነው፣ ላይመለሱ። አንድ ነገር አለ ታዲያ፤ ፍርዱን ጆሮ ሹሙ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ መናገር አለበት። ሳይናገር ከመሸ ጥፋቱ እንዳልተሰማ ይቆጠራል። ይህቺን ያዙልኝ።

በእኔ ዘመን ጆሮ ሹሙ ድንበሩ የሚባል ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ክፉ ነው ለማለት ይከብደኛል። ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ አንዲት ቃል እንኳ አዛብቶ እንዳይጽፍ «እስቲ ድገሚልኝ» እያለ ሦስት ጊዜ ያስጠራል። በሥራው ቀልድ አያውቅም።

ከገመዴ ጎን ሚዛሪ የምትባል የማዶ ልጅ ሸክላ ትሸጥ ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። የከተማውን አፍ ከእኔ አሳምራ ትናገራለች፤ ተከራክሬ ያሸነፍኩበትን ቀን አላስታውስም። እናቷ እማማ ዱሬ ይባላሉ። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲሸከሙ የእኛን አፍ ተምረው ነበር፤ ሰላምታውን፣ ምርቃቱን፣ ቀልዱን ሳይቀር። ሲያረጁ ግን መርሳት መጣባቸው። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋቸው፣ ከዚያ የቤታቸው መንገድ፣ ከዚያ ያ በስንት መከራ የለመዱት የእኛ አፍ አንድም ሳይቀር ወጥቶ ሄደ። የቀራቸው አፋቸውን የፈቱበት ብቻ ሆነ።

ሚዛሪ ቤት ትታቸው እንዳትመጣ፣ እማማ ዱሬ ብቻቸውን ከሆኑ ተነስተው ወደ ወንዙ ይሄዳሉ። «አገሬ ልግባ» ነው። መንደራቸውን ጎርፍ ጠርጎት ከሄደ ሠላሳ ዓመቱ፣ ይህን ማን ያስረዳቸው? ስለዚህ ይዛቸው ትመጣና ከሸክላው ኋላ ታስቀምጣቸዋለች። ብድግ ሲሉ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር ትላቸዋለች። ይቀመጣሉ። ሌላ ነገር አያስቀምጣቸውም።

አንድ ጠዋት እማማ ዱሬ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቁመው አንድ ነገር ተናገሩ። ሚዛሪ ፈገግ ብላ መለሰችላቸው። ደሜ ፈላ! «በእኔ ነው የሚስቁት» አልኩ፣ ልክ እንደዚያ ንጉሥ። እጄ ብድግ ብሎ ጆሮዬን ሸፈነ።

ድንበሩ መዝገቡን ታቅፎ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ወረደ።

«ምን አልሽ፣ አንቺ ሴትዮ?»

«"እሺ ናኔ፣ እነግረዋለሁ" ነው ያልኳት፣ ጌታዬ። ናኔ ማለት እናቴ ማለት ነው።»

«እስቲ ድገሚልኝ... ና-ኔ።» ጻፈ። «አሮጊቷስ?» ብሎ ራሳቸውን ጠየቀ፤ እሳቸው ግን ያሉትን ረስተውታል።

እማማ ዱሬንም ሊቀጡ ውሃ አመጡላቸው። ጉድ እኮ ነው! ውሃውን ግጥም አድርገው ጠጡና፣ መርቀው፣ ቅሉን ድገሙኝ ብለው ዘረጉት። ሁለት ጊዜ ቀዱላቸው፣ ሁለቴም ጠጡት። በመጨረሻ ድንበሩ አሰበና «የረሳ ሰው አይቀጣም፤ ለረሳ ሰው የመለሰ ግን ይቀጣል» ብሎ በየነ። ሚዛሪ አፏን ውሃ ሞልታ እስከ ማታ ቆመች።

ሳምንት ሳይሞላ ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ጆሮዋን ሸፈነች። ሁለተኛው ጥፋት ሆነ፤ ሦስት ቀን። እነዚያን ሦስት ቀናት አልረሳቸውም። እማማ ዱሬ ልጃቸውን ይጠራሉ፣ እሷ ዓይኗን ከመጨፈን በቀር መመለሻ የላትም። ይነሳሉ፤ በእጇ ይዛ ታስቀምጣቸዋለች። በሦስተኛው ቀን እማማ ዱሬ የልጃቸውን ያበጠ ጉንጭ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እየደጋገሙ አንድ ቃል እየጠየቁ አለቀሱ። እሷም ቆማ እንባዋ ወረደ፤ ውሃውን ግን አልዋጠችም። አንጀቴን በሉኝ። ይህን ያመጣው የእኔ መዳፍ ነው።

ሲመሽ ውሃዋን እንደተፋች ጠጋ አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን እናትሽ ስለ እኔ ምን ነበር ያሉት?»

«ምን ያደርግልሃል፣ አያ ቢያድግ?»

«ንገሪኝ በሞቴ።»

«"ያ ሰውዬ የሚቀመጥበት ድንጋይ ይቀዘቅዘዋል፤ የምታነጥፍለት ሰው የለውም ወይ? ቁርበት ስጪው" አለችኝ። እኔም እነግረዋለሁ አልኳት። ከዚያ አንተ ጆሮህን ሸፈንክ።»

በማግሥቱ ድንጋዬ ላይ የፍየል ቁርበት ተነጥፎ አገኘሁ። እንግዲህ ያን ቁርበት እንዴት ብዬ እንደተቀመጥኩበት እናንተው ገምቱት።

ለሚዛሪ ከዚህ በኋላ የቀራት አንዲት ቃል ናት። አንዴ ከተሰማች፣ ድልድዩ ነው። ማዶ ደግሞ መንደር የለ፣ ዘመድ የለ፣ ውሃ የጠረገው ሜዳ ብቻ። ዝም ካለች እናቷ ተነስተው ወንዝ ይገባሉ፤ ከተናገረች ሁለቱም ይባረራሉ። አራት ቀን ከገበያ ጠፋች። እኔም ሄደች አልኩ።

በአምስተኛው ቀን መጣች። በአንድ እጇ እናቷን ይዛለች፤ በጀርባዋ በር ተሸክማለች። እውነተኛ በር! ከቀርከሃ የተሠራ፣ መቃን ያለው፣ መወርወሪያ ያለው። ከሸክላዋ ፊት ሁለት እንጨት ተከለች፣ በሩን አቆመች፣ እናቷን አስገባች፣ ገባች፣ ዘጋችው። ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ፤ በጎን ዞር ብትል እናትና ልጅ ቁጭ ብለው ይታዩሃል። ከዚያ ከበሩ ኋላ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ዜሎ ናኔ፣ ኒራ ሁሽ» አለች።

ሃያ ሰው ጆሮውን ሸፈነ። እኔ እጄን ቁርበቱ ሥር ደበቅሁ።

ድንበሩ ወረደ። በሩን ዞረው። እንደገና ዞረው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«በር ነው፣ ጌታዬ። ሕጉ ከበር ውስጥ በየአፋችሁ ይላል። እኔ ከበር ውስጥ ነኝ።»

ድንበሩ ግንቡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሄዶ አነበበ። በር ይላል፤ ስለ ግድግዳ የሚል የለም። ራሱን ነቀነቀና ዳኞች አስጠራ፤ የዚያ ቀኑም ፍርድ ሳይነገር መሸ።

ሦስት ዳኞች በሩን ሰባት ቀን መረመሩት። አንዱ በር በማጠፊያው ይታወቃል አለ፣ ሌላው በመቃኑ። ሦስተኛው፣ ሆዱ የሚቀድመው ትልቁ ዳኛ፣ «በር የሚታወቀው በማንኳኳት ነው» አለና አንኳኳ። ሚዛሪ ከውስጥ «ይግቡ» አለችው። ገባ። እንግዳ ነውና እማማ ዱሬ በቅል ውሃ ሰጡት፣ ጠጣ። ወጥቶም «አንኳኩቼ ገብቻለሁ፣ ውሃም ቀምሻለሁ፤ እንግድነት የገባሁበትን ቤት ቤት አይደለም ብል ነውር ነው» ብሎ ፈረደ። በሩ በር ሆነ።

ድንበሩ ግን ሥራውን የሚተው ሰው አይደለም። ነገሩ ከበር ውስጥ ቢሆንም ድምፁ ወደ ውጭ ይመጣልና ለጥንቃቄ መመዝገብ አለበት አለ። መዝገቡን ይዞ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥ ጀመር።

«ዜ-ሎ። ትርጉሙ?»

«ቁሚ።»

«ኒራ ሁሽ?»

«እዚህ አለሁ። "ቁሚ እናቴ፣ እኔ እዚህ አለሁ" ነው ጌታዬ። ሌላ ነገር የለውም።»

እማማ ዱሬ በቀን ሃያ ጊዜ ይነሳሉ፣ ሃያ ጊዜ ይህ ቃል ይባላል፣ ድንበሩ ሃያ ጊዜ ይጽፈዋል። ዛሬ ተጽፏል ተብሎ ነገ እንዳይታለፍ ደንቡ ያዛል። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ሳታስበው በዜማ ስታንጎራጉረው ሰምቻት አፏን በእጇ ያዘች። እኔማ ሌሊት በሕልሜ ሁሉ እሰማው ነበር።

ይህ ሲሰማ የማዶ ሰዎች ሁሉ በር ተሸክመው ይመጡ ጀመር። አጣቢዋ በር አላት፣ ፍሬ ለቃሚው በር አለው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ በር በጋራ አሠርተው ከኋላው ገበጣ ይጫወታሉ። ገበያው በበር ብቻ የተሠራ መንደር ሆነ። ነገሩ ቤተ መንግሥት ደረሰ። የጥንቱ ንጉሥ የልጅ ልጅ ነው ያኔ የነገሠው፤ አዋጅ አስነገረ፦ «ግድግዳ የሌለው በር፣ በር አይደለም። ይወረስ።»

ክረምት ነበር። ወንዙ ሞልቷል፣ የድልድዩን መደገፊያ ወስዶታል፣ ከእንጨቱም የቀረው ግማሹ ነው። በዚያ ጠዋት ዘበኞች ገበያውን ከላይ ጀምረው ወረዱበት። ጩኸት፣ ስባሪ፣ ለቅሶ! «ቁሚ! ቁም! ልቀቂ!» ይላሉ። ሚዛሪ በሯን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች፤ ሁለት ዘበኞች ከነበሯ እስከ ላይኛው ጫፍ ጎተቷት። መወርወሪያው ሲሰበር ሰማሁት። ዘወር ብዬ ሳይ እማማ ዱሬ የተቀመጡበት ባዶ ነው።

«እናቴ!» አለች ሚዛሪ ከላይ። «እናቴ የለችም!»

ድንበሩ ወንበሩ ላይ ነበር። ብድግ አለ፤ እዚያ ላይ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ወንዙ!» ብሎ ጮኸ። ከታች፣ ቁልቁለቱን ጨርሰው፣ ነጠላቸው ጭቃ እየጠረገ፣ እማማ ዱሬ ወደ ድልድዩ እየሄዱ ነው።

ሮጥን። «ቁሙ እማማ! ኧረ ቁሙ!» እያልን ሮጥን። እሳቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ በእኛ አፍ የሰሙት የዘበኛ ጩኸት ብቻ ነው። በጮህን ቁጥር እርምጃቸው ፈጠነ። ሚዛሪ ከላይ ትጮኻለች፣ የወንዙ ድምፅ ይውጠዋል። ከእኛም ቀድሞ የሚደርስባቸው የለም። እማማ ዱሬ አንድ እግራቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ።

በዚህ ጊዜ ከአሥራ ሁለት ደረጃ ላይ አንድ ድምፅ መጣ፦

«ዜሎ ናኔ! ኒራ ሁሽ!»

ድንበሩ ነው። ልክ እንደጻፈው፣ አንዲት ቃል ሳያዛባ። ቀጥሎ እኔ ጮህኩ። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ጮኸች። ትልቁ ዳኛ ሆዱን ይዞ እያለከለከ ጮኸ። ገበያው በሙሉ፣ በጉሮሮው ልክ፣ «ዜሎ ናኔ! ኒራ ሁሽ!» ዘበኞቹ ደንግጠው ሚዛሪን ለቀቋት።

እማማ ዱሬ ቆሙ። ዞሩ። ያን ሁሉ ሰው ከዳር እስከ ዳር አዩና አንድ ነገር ተናገሩ። ሚዛሪ በመሃላችን ሰንጥቃ፣ እሷም እየጮኸችው፣ ሮጣ አቀፈቻቸው። ምን እንዳሉ ኋላ ነገረችን፤ «ይህን ሁሉ ልጅ መቼ ወለድኩት?» ነው ያሉት።

እኛ ስናለቅስ የዘበኞቹ አለቃ መጣ። ደረቅ ሰው ነው።

«ይህቺ ሴት ከበር ውጭ ተናግራለች። ሦስተኛዋ ነው። ጆሮ ሹም፣ ፍርዷን ይናገሩ።»

እውነቱን ነው፤ ሕጉ ይኸው ነው። ድንበሩ መዝገቡን ታቅፎ ቀስ እያለ ወረደ።

«እኔ በተሰማበት ቅደም ተከተል ነው የምጽፈው» አለ። «መጀመሪያ የተሰማው የእኔ ድምፅ ነው።» መዝገቡን ገለጠ፣ በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ የራሱን ስም ጻፈ። «ድንበሩ። የመጀመሪያ ጥፋት። ፍርዱ፣ ውሃ።» ከዚያ ቅሉን አነሳና አፉን ሞላ።

«የሷንስ?» አለ አለቃው።

ድንበሩ ያበጠ ጉንጩን በጣቱ አሳየው።

«ይትፉትና ይናገሩ እንጂ!»

ድንበሩ ራሱን ነቀነቀ። የተፋ እንደገና ይጀምራል፤ ደንብ ነው። እስከ ማታ የሚናገርበት አፍ የለውም።

እኔ ቅሉን ከእጁ ተቀበልኩ። ማንም አላዘዘኝም። አፌን ሞልቼ ከጎኑ ቆምኩ። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ተከተለች፣ ዳኛው ተከተለ፣ ቅሉ ዞረ፣ ሌላ ውሃ ተቀዳ። እኩለ ቀን ሳይሆን ገበያው በሙሉ ጉንጩን ነፍቶ ቆሟል። የሚሸጥ የለ፣ የሚጣራ የለ። አለቃው ወዲያና ወዲህ ቢል የሚያዋራው አጣ፤ በመጨረሻ አንዱን የወረሰውን በር አጋድሞ ተቀመጠበት።

ያን ቀን በከተማው የተሰማው የሁለት ሰው ድምፅ ብቻ ነው። እናትና ልጅ፣ ያለ በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በራሳቸው አፍ ሲያወሩ ዋሉ። ጆሮውን የሸፈነ አንድ ሰው አልነበረም። እማማ ዱሬ በየመሃላችን እየዞሩ ፊት ፊታችንን ያያሉ፣ ጉንጫችንን ይዳብሳሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ለልጃቸው አንድ ነገር ይሏታል። ሚዛሪ ትስቃለች፣ መልሳ ታለቅሳለች።

ፀሐይ ጠለቀች። ሁላችንም ተፋን። ፍርዱ ሳይነገር መሸ፤ ጥፋቱም እንዳልተሰማ ሆነ። አለቃው ተነስቶ፣ ልብሱን አራግፎ ሄደ።

ድንበሩ አፉን በእጅጌው ጠረገና ወደ ሚዛሪ ቀረበ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፦

«ልጄ፣ እናትሽ ቀኑን ሙሉ እኛን እያዩ ምን ሲሉሽ ነበር?»

«"ይህ ሁሉ ሰው ጥርሱን አሞታል። ቅርንፉድ ፈልጊላቸው" ስትለኝ ነበር።»

ድንበሩ መዝገቡን ገለጠ።

«ቅርንፉድ በእናንተ አፍ ምን ይባላል?» አላት። ነገረችው። እስቲ ድገሚልኝ አለና ጻፈው።

ሕጉ ዛሬም ግንቡ ላይ አለ፤ የሻረው የለም። እኔም ቁርበቱ ላይ እንደተቀመጥኩ አረጀሁ። ዕድሜ ልካችንን «ስለ እኛ ነው የሚያወሩት» እያልን ስንከሳቸው ኖርን። እውነታችንን ነበር፤ ስለ እኛ ነበር የሚያወሩት።